በዘጠኝ ሰዓት ሰው የለም

መጋደም እንቅልፍ አይደለም፤ ይህን ለእናቴ ማን ባስረዳልኝ። ስልኳን ሳላነሳ ስቀር «ተኝታ ነው» ብላ ትጽናናለች፤ ትጽናና፣ ምን ቸገረኝ፣ እኔ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ዓይኔን አልከደንኩም፣ አሁንም በጠራራ ፀሐይ ተጋድሜ የጣሪያዬን ቆርቆሮ አፈጣለሁ። የካምፓላዋ ሰፈሬ ካምዎክያ ከመስኮቴ ሥር ትጮሃለች፤ ቦዳው፣ የሞተር ሳይክል ታክሲው፣ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሮሌክስ ሻጩ እንቁላሉን በቻፓቲ እየጠቀለለ ከደንበኛው ጋር ይሳሳቃል፣ የጎረቤቴ ሬዲዮ በግድግዳው በኩል ያለማቋረጥ ያወራል። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣ ሙዚጎ ይሏታል እዚህ፤ ኮርኒስ የላትም፣ ቆርቆሮው እላዬ ላይ ነው። ወይ ጉድ፣ የሰው ቤት ስንት ዋት ማቀዝቀዣ ይበቃዋል ብዬ እየቀመርኩ እንጀራዬን የምበላ ሴትዮ፣ እኔው ራሴ እንደ ድንች እቀቀላለሁ። ስልኩ ይጠራል። እማዬ ናት። አላነሳም። ባነሳው መጀመሪያ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ፤ «ሰው አለ አጠገብሽ?» ትላለች። እህል በላሽ ወይ አትልም፣ አሞሽ ይሆን አትልም፤ የጎረቤታችን ልጅ ቤይሩት ውስጥ ብቻዋን በተከራየችው ቤት ታማ፣ ማንም ሳያውቅላት ሰንብታ ከተገኘች ወዲህ እናቴ ሌላ ጥያቄ የላትም። እኔም ሌላ መልስ የለኝም። «ቤቱ ሙሉ ነው እማዬ፣ ሰው በሰው ነው፣ ጫጫታው አይሰማሽም?» እላታለሁ፤ ሬዲዮኑ በግድግዳው በኩል ያግዘኛል፣ እሷም «እሰይ፣ ተመስገን» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ትሄዳለች። ሰሞኑን ያቺን ውሸት የምዋሽበት ጉልበት አጣሁ፤ ስልኩን የማላነሳው ለዚህ ነው።

ሰዎች ስለኔ ሲጠይቋት «ልጄ ነፋስ ትሠራለች» ትላቸዋለች። አልተሳሳተችም። አዲስ አበባ ሳለሁ የሆቴሎችን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚነድፍ ቢሮ ውስጥ መካኒካል ኢንጂነር ነበርኩ፤ ለምን እንደወጣሁ ለስደተኞች ቢሮ ጸሐፊዎች ስንቴ ተናግሬዋለሁ፣ ለራሴ ደግሞ አልደግመውም። እዚህ ዲግሪዬን የሚቆጥርልኝ የለም። «የምዝገባ ቁጥርሽ?» ይሉሻል፤ ለቁጥሩ ፈቃድ፣ ለፈቃዱ ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ያው ቁጥር፤ ዙሪያ ጥምጥም። ስለዚህ በሚስተር ካግዋ ማኅተም ሥር እሠራለሁ። ካግዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ኤሲ ይሸጣል፣ ይገጥማል፤ እኔ ቤቱን በኮምፒውተር እሠራለታለሁ። ግድግዳው ከምን እንደሆነ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ በየሰዓቱ ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ እሞላለታለሁ፤ ፕሮግራሙ ፀሐይዋን ከንጋት እስከ ማታ በቤቱ ላይ ያዞራትና ይህ ክፍል ይህን ያህል ማቀዝቀዣ ይፈልጋል ይላል። ካግዋ ያየዋል፣ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። የስደተኛ ካርዴ በታደሰ ቁጥር «እኔ ዘንድ ትሠራለች» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍልኝም እሱ ነው። ያለ እሱ ደብዳቤ እዚህ አገር ማን እንደሆንኩ የሚናገርልኝ የለም።

ፕሮግራሙ ውስጥ የእናቴም ቤት አለ። እንዲያው ለጨዋታ፤ ናፍቆት ያንገበገበኝ ቀን ደብረ ብርሃን ያለውን ጭቃ ቤታችንን ግድግዳ በግድግዳ፣ መስኮት በመስኮት ሠራሁት፣ ውርጩን አስገባሁበት። ፕሮግራሙ ቀኑን እንደ ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው፤ እኔ ግን የራሴ አይደል፣ ማን ያየዋል ብዬ የእማዬን ውሎ በእማዬ ሰዓት ሞላሁት፤ በአንድ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ትመለሳለች፣ በሰባት ምሳዋን ትቀምሳለች፣ በዘጠኝ ፀሐይ ልትሞቅ ደጅ ትወጣለች። በስልክ ስነግራት ሳቀች። «ቤቴን ለኮምፒውተር ምን አገባው?» አለች። ሰውም ይቆጠራል እኮ እማዬ፣ አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ መቶ ዋት ያህል ያሞቃል፣ ፕሮግራሙ እንደ ትንሽ ምድጃ ነው የሚቆጥረው አልኳት። «ታዲያ አንቺ ስትሄጂ ቤቱ የበረደው ለዚህ ነዋ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ምን ልበል፣ አለቀስኩ።

ከካምዎክያ ሽቅብ ሲወጣ ኮሎሎ ነው፤ ጩኸቱ እዚህ ቀርቶ ዛፍና አጥር ይጀምራል። እትዬ አክበረት እዚያ ናቸው። ምግብ ቤት አላቸው፣ ሰፊ ቤት አላቸው፣ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አርሴማ ትባላለች፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ላብ የላትም። ቀልድ አይደለም፤ ስትፈጠር ጀምሮ ሰውነቷ ላብ አያወጣም፣ ፀጉሯ ስስ፣ ጥርሷ እዚህም እዚያም። እኛን ሲሞቀን ያልበናል፣ ከዚያ ይበርድልናል፤ የእሷ ሙቀት ግን ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት መውጫ የለውም፤ ትግላለች፣ ትግላለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ በሁለተኛው ሐኪሙ እናቷን ጠርቶ ሦስተኛ እንዳይኖር ብሏቸዋል። ይህ ኮሮና ከመጣ ወዲህ ደግሞ በየሱፐርማርኬቱ በር ግንባር ላይ የሚደቅኑት ሽጉጥ መሳይ ቴርሞሜትር አለ፤ ከፀሐይ ከመጣች እሷ ላይ ሁሌ ቀይ ያበራል፣ ሁሌ ይጮሃል፣ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይላል። አይተላለፍም ቢባል ማን ሰምቶ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ልጅቷ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀምራለች አሉኝ እናቷ። ስለዚህ መላ መቱ፦ በምዕራብ በኩል ያለውን ትልቁን ክፍል መማሪያ ሊያደርጉት፣ አስተማሪ ሊቀጥሩ፣ ከሰፈሩ አምስት ልጆች ሊሰበስቡ፣ ክፍሉን ደግሞ እኔ ላቀዘቅዘው። «አደራ ጓለይ» አሉኝ፣ በትግርኛቸው ልጄ ሲሉኝ፣ ሁለት እጄን ይዘው፤ «ልጄን አንቺ ላይ ነው የጣልኳት።» እኔም አፌን ሞልቼ «ሃያ አራት ዲግሪ እትዬ፣ ሃያ አምስት ከገባ ስሜን ይቀይሩት» አልኳቸው። አቤት አፍ። ዛሬ ነው የሚጀምሩት፣ ስምንት ሰዓት ላይ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ላፕቶፑን ሆዴ ላይ አስቀምጬ ያንን ክፍል አየው ጀመር፤ አዲስ ልብስ አሰፍቶ መስተዋት ፊት እንደሚመላለስ ሰው፣ እንዲያው ደስ ሊለኝ። ሰንጠረዡን ወደ ታች እስባለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፦ ሰው ሰባት። ጠዋት ሦስት ሰዓት፦ ሰው ሰባት። ምን ይሠራሉ በጠዋት? ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ አይደለም እንዴ? ወደ ታች። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ የምዕራቡን መስኮት ፊት ለፊት የምትደበድብበት ሰዓት፦ ሰው ዜሮ። ዜሮ! በዘጠኝ ሰዓት እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው የለም ይላል። ተነስቼ ተቀመጥኩ፣ ላፕቶፑ ሊወድቅ ለጥቂት።

የእናቴን ቤት ፋይል ገልብጬ ነው የጀመርኩት፤ ሁሉን ከባዶ ላለመሙላት ሁሌም አንድ አሮጌ ፋይል ገልብጬ ነው የምጀምረው። ግድግዳውን ቀየርኩ፣ መስኮቱን ቀየርኩ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ አውጥቼ የካምፓላን አየር አስገባሁ፤ የሰዓቱን ዓምድ ግን በእማዬ ሰዓት ቀጠልኩበት። አስተማሪዋም ሙጋንዳ ናት፤ በቋንቋዋ በሉጋንዳ ሰዓት እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጠረው። «ሳዋ ሙናና» ስትለኝ፣ ስምንት ሰዓት ስትል፣ ሮጬ ልስማት ነበር፤ በዚህ ዓለም ላይ ሌላም ሰው እንደኛ ይቆጥራል ብዬ ልቤ ሞቀ። በእንግሊዝኛ ሁለት ሰዓት ብትለኝ ኖሮ ጭንቅላቴ እንደ ልማዱ ይነቃ፣ ይደምር፣ ይቀንስ ነበር። እትዬ አክበረት ስምንት አሉ፣ አስተማሪዋ ስምንት አለች፣ እኔም ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ሦስታችን ተግባብተናል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ነው ያልተግባባነው። ልጆቹን በጠዋቱ ቅዝቃዜ አስገብቶ ሳይሞቅ አስወጣቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ወደ ትክክለኛው ሰዓት ስመልሳቸው ቁጥሩ ዘለለ፤ የገጠምነው ማሽን አንድ ነው፣ የሚያስፈልገው ሁለት ነው።

እያየሁት ነው። በሩ ይዘጋል፣ ብርዱ እንዳይወጣ። ፀሐይዋ ትዞራለች። ሰባት ሰው፣ ሰባት ምድጃ። ሃያ ስድስት ይሆናል፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ፤ ሌሎቹ ልጆች ያልባቸዋል፣ ይስቃሉ፣ ያራግባሉ። እሷ ግን ዝም ትላለች። አውቃታለሁ፤ ዓመት ሙሉ የጠበቀቻቸው ጓደኞቿ መሀል ተቀምጣ «ሞቀኝ» ብላ አትወጣም፣ ብትሞት አትወጣም። ብትሞት! አፈር ብይ አስካለማርያም እላለሁ ለራሴ፣ ምን አፍ ነው ይሄ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ነው። እደውላለሁ፤ የእትዬ አክበረት ስልክ ዝግ ነው፣ የምሳ ሰዓት ምግብ ቤት፣ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው መሳቢያ ውስጥ። ዋትሳፕ ልጽፍ ስል ከምርጫው ወዲህ መንግሥት ዘግቶት ያለ ቪፒኤን አይሠራም፣ ቪፒኤኑ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። የአስተማሪዋን ቁጥር አልያዝኩም። ለምን አልያዝኩም? እንደገና እደውላለሁ፤ ያቺ የስልክ ሴትዮ አይገኙም ትለኛለች። መሀል ላይ እማዬ ትገባለች፣ ስልኩ በስሟ ይበራል። አሁን አይደለም እማዬ፣ በናትሽ አሁን አይደለም። ዘጋሁባት። በእናቴ ላይ ዘጋሁ።

ከዚያ ካግዋ ጋ ደወልኩ፤ ወደ ጂንጃ ከተማ መንገድ ላይ ነው፣ መኪናው ውስጥ ዘፈን ይሰማል። ነገርኩት። ዘፈኑን ቀነሰ። «ኢንጂነር አስካ፣ መጀመሪያ ተንፍሺ» አለኝ። «ልጆቹን አስወጪ። ከዚያ ጋዝ ወጥቶበት ነው በያቸው፤ ነገ ሰው ልኬ እንሞላዋለን።» ጋዝ ብንሞላው ያው ነው ሚስተር ካግዋ፣ ማሽኑ ትንሽ ነው፣ ነገም ያው ስምንት ሰዓት ይመጣል አልኩት። «ማኅተሙ የማን ነው?» አለኝ። የርስዎ ነው። «አየሽ። አንቺ ወረቀት ላይ የለሽም፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ። ሁለተኛ ማሽን መቼ እንደምንጨምር እኔ ልወቅበት። እዚያ ቤት ውስጥ ስሌት የምትለዋን ቃል ካነሳሽ ግን እኔ ጋ አትመለሺ።» አልተቆጣም፣ ረጋ ብሎ ነው ያለው፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቦዳው ላይ ነኝ። መቼ ለበስኩ፣ መቼ ቆለፍኩ? «ሲስ፣ ሴንቴ እንነጋገር መጀመሪያ» ይላል ልጁ፣ ዋጋውን ነው፤ ንዳ! ንዳ አልኩህ! በአማርኛ ነው የጮህኩበት፣ ገባው። ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል፣ ፀሐይዋ አናቴን ትበሳዋለች፤ አዲስ አበባ ብሆን እንዲህ አይነት ስህተት ቢፈጠር አለቃዬ ጋ ሮጬ እገባ ነበር፣ ሦስት ኢንጂነር ይሰበሰብበት ነበር፣ እዚህ ግን ከኔና ከዚህ ቦዳ በቀር ማን አለ። አርሴማን አስባለሁ፤ ማሽኑን ስንገጥም ከሥሬ አልጠፋችም፣ «አንቲ አስኩ፣ ብርዱ ከየት ነው የሚመጣው?» ስትል፣ ከደብረ ብርሃን ነው የማስመጣልሽ፣ እናቴ ናት የምትልክልሽ ስላት፣ አመነችኝ፤ ለእናቴ ሥዕል ሣለችላት። ንዳ በል! አጥሩ ታየኝ።

ዘበኛው አያስገባኝም። ያቺን ሽጉጥ ቴርሞሜትር ይዞ ወጣ፣ ግንባሬ ላይ ደቀናት፣ ጮኸች። ቀይ። ሠላሳ ስምንት። «ፀሐይ ነው!» እለዋለሁ፣ «ቆርቆሮ ቤት ነው የዋልኩት፣ በቦዳ ነው የመጣሁት!» ራሱን ይነቀንቃል፤ የማዳም ትእዛዝ ነው፣ ማንም ቢሆን። ልጆቹስ? መጥተዋል? «መጥተዋል» አለኝ። ስምንት ሰዓት አልፎ፣ ዘጠኝ እየተቃረበ፣ መጥተዋል! ልገፋው ቃጣኝ፤ እሱ ደግሞ ግንብ የሚያክል ሰው ነው። «እዚያ ጥላው ሥር ተቀመጪ፣ ቆይቼ እለካሻለሁ» አለ። ተቀመጥኩ። ላቡ ከፀጉሬ ሥር ጀመረ፣ በጆሮ ግንዴ ወረደ፣ በጀርባዬ ወረደ፣ ነፋስ መጣና ቀዘቀዘኝ፤ እንዲያ ነው አሠራሩ፣ በነፃ፣ ያለ ማሽን። ለልጅቷ ይኼ አልተሰጣትም። ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ዘበኛው ደንግጦ ለካኝ፣ አረንጓዴ አበራ።

ሮጥኩ። በሳሎኑ አልፌ፣ ምንጣፉ አደናቅፎኝ፣ ኮሪደሩን ጨርሼ በሩን በረገድኩት። ብርድ ፊቴን መታኝ። እውነተኛ ብርድ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ሃያ አራት ይላል፣ ማሽኑ ጸጥ ብሎ ይተነፍሳል፣ ትናንሽ ወንበሮች በመደዳ ተደርድረዋል፣ በየወንበሩ ፊት አዲስ ደብተርና የተቀረጸ እርሳስ። ሰው የለም። በዘጠኝ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ሆስፒታል ወሰዷት፣ አበቃ፣ ገደልኳት አልኩ፣ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ከዚያ ከጥጉ፣ ከመጨረሻው ወንበር በኩል፣ «አንቲ አስኩ» አለችኝ። ሹራብ ለብሳለች። አስተማሪዋ አጠገቧ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። «አንቲ አስኩ፣ በረደኝ» አለች ልጅቷ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ቃል ከእሷ አፍ ብሰማ እልል እል ነበር።

አስተማሪዋ ናት የነገረችኝ፣ በሹክሹክታ። መጥተው ነበር፣ አምስቱም ከነእናቶቻቸው። አርሴማ መታገስ አቅቷት ከጠዋት ጀምራ ስትወጣ ስትገባ ነበር፣ መኪናዎቹን ስትሰማ በፀሐይ ሮጣ በሩ ድረስ ሄደች ልትቀበላቸው። ዘበኛው ልጆቹን አንድ በአንድ ይለካል፤ እሷም ጨዋታ መስሏት ተሰለፈች፣ ግንባሯን ሰጠች፣ እየሳቀች። ጮኸባት። እናቶቹ አዩ። አንደኛዋ ልጇን ጎትታ ወደ መኪና መለሰች፣ ሌሎቹ ተከተሏት፤ አንዷ ብቻ መስኮቷን ትንሽ ዝቅ አድርጋ ይቅርታ አለች፣ ጭንብሏን እንደያዘች። ልጅቷ እዚያው በሩ ላይ ቆማ እጇን እያውለበለበች ቀረች። እያውለበለበች!

ቁጭ አልኩ፣ በአንዷ ትንሽ ወንበር ላይ። ልጅቷ ደኅና ናት። ተመስገን፣ ደኅና ናት። ወዲያው ደግሞ ከውስጤ አንድ ድምፅ መጣ፣ ለስላሳ ነው፣ እንደ ካግዋ ረጋ ያለ። ታዲያ ስሌቱ ትክክል ነው እኮ ይላል። ሃያ አራት ዲግሪ ብለሻል፣ ያው ሃያ አራት። ለአንድ ልጅ ይበቃል። ማን ያውቃል? ሥራሽ አለ፣ ደብዳቤሽ አለ፣ ካርድሽ ይታደሳል፤ እነዚያ ሴቶች እንደሆኑ አይመለሱም። ልጅቷ ብቻዋን እስከሆነች ድረስ አንቺ አልተሳሳትሽም። ይህንን እኔው ነኝ ያሰብኩት፣ ሌላ ማንም አይደለም፤ አርሴማ እርሳሶቹን ከየወንበሩ እየሰበሰበች እያየኋት አሰብኩት። ስልኬ ላይ የካግዋ መልእክት መጣ፣ «እንዴት ሆነ?» የሚል። አልመለስኩም።

እትዬ አክበረት ገቡ፤ ከምግብ ቤቱ በሽርጣቸው ነው የመጡት፣ ዘበኛው ሰው ልኮባቸዋል። ልጃቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቆዩ፣ ከዚያ በሷ ራስ ላይ ወደኔ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ደም መስሏል። «አየሻቸው? አየሻቸው አይደል እነዚህን?» አሉ። «ልጄ ጉንፋን እንኳ የላትም። ቆይ፣ ነገ ሐኪሙን ራሱን ይዤ በየቤታቸው እሄዳለሁ። አምስቱንም እዚህ አስቀምጣቸዋለሁ። ከምግብ ቤቱ ሠራተኞች ልጆችም እጨምራለሁ፣ አሥር አደርጋቸዋለሁ፣ ይሄ ቤት በሳቅ እስኪፈርስ!» አርሴማ ቀና ብላ እናቷን ታያለች። «ክፍሉ ይችላል አይደል ጓለይ? አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ሃያ አራት ይላል ግድግዳው ላይ። አዎ ማለት ምን አላት፣ ሁለት ፊደል ናት። «አይችልም እትዬ» አልኩ። «እንዴት?» «ማሽኑ ትንሽ ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፣ እኔ ነኝ፤ ስሌቱን ሰዓት አሳስቼ ልጆቹ በሌሉበት ቆጠርኳቸው። ሁለት ማሽን ነው የሚያስፈልገው።» አስተማሪዋ አማርኛው ባይገባትም ተነሳች። «ስለዚህ ዛሬ ገብተው ቢሆን ኖሮ?» አሉ እትዬ አክበረት፣ ቀስ ብለው። እጃቸውን አነሱ፣ ሊመቱኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ፤ ስገልጥ እጃቸውን በራሳቸው አፍ ላይ ጭነውታል። «ጥፊልኝ» አሉ። «ከፊቴ ጥፊልኝ።»

ተነሳሁ። ቦርሳ እንኳ አልያዝኩም የምሰበስበው። በሩ ጋ ስደርስ አርሴማ «አንቲ አስኩ ትቀመጥ» አለች። «ብዙ ወንበር አለ እኮ።» ማሽኑ ይተነፍሳል። እትዬ አክበረት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስኮቱን ያያሉ፣ ፀሐይዋ በመጋረጃው ሥር ገብታ መሬቱን ይዛዋለች። «አሁን፣ እንዲሁ እንዳለ፣ ስንት ሰው ይችላል?» አሉ ሳይዞሩ። አሰብኩ፤ በዚህች እንኳ ልሳሳት ፈርቼ ሁለቴ አሰብኩ። «አራት። እርስዎንም እኔንም ጨምሮ አራት ይችላል።» «ለካግዋ እኔ እነግረዋለሁ፣ ማሽኑንም ያመጣል፣ ማኅተሙንም ያየዋል» አሉ። ደብዳቤዬ ሲሄድ ታየኝ፣ ካርዴም። «አንቺ ግን ሁለተኛው ማሽን ተገጥሞ፣ ልጆቹ ገብተው፣ በዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ከልጄ ጎን ተቀምጠሽ ሳላይሽ አላምንሽም። እስከዚያ በየቀኑ ትመጫለሽ። ተቀመጪ።» ይቅርታ አላሉኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ወንበሩ ትንሽ ነው፣ ጉልበቴ አገጬን ነካው። አርሴማ ወንበሯን እየጎተተች አጠገቤ አመጣችው፣ ትከሻዋን ክንዴ ላይ ጣለች፣ አስተማሪዋ መጽሐፉን ገለጠች።

ስልኩ ጠራ። እማዬ ናት። አነሳሁት። «ዘግተሽብኝ ነበር» አለች፣ ከዚያ ሳትቆይ፣ «ሰው አለ አጠገብሽ?» «አለ እማዬ።» ስታዳምጥ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ አርሴማ በሉጋንዳ ቁጥር ትቆጥራለች፣ ትሳሳታለች፣ አስተማሪዋ ታርማታለች፣ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። «ዛሬስ እውነትሽን ነው» አለች እናቴ። «ሬዲዮኑ የለም።»